ሳይጠየቅ የሚነሳ ኃላፊ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የኃላፊዎች አሠራር ነው። አንዱ ኃላፊ ማመልከቻ ሲቀርብለት ወይም ከበላይ ሲታዘዝ ይሠራል። ሌላው ነገሩ ችግር ሆኖ ከመምጣቱ በፊት ይነሳል። አባቶቻችን ለፊተኛው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»፣ ለኋለኛው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ልዩነቱ ለቡና ገበሬ ምን ያህል እንደሆነ በሁለት ስሞች ላስረዳ።

የመጀመሪያው ይርጋጨፌ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ። የምዝገባው መሥሪያ ቤትም ሐረርና ሲዳሞ የተለመዱ የቡና መጠሪያዎች ናቸው በማለት መጀመሪያ ላይ አልተቀበለም። ኃላፊዎቻችን ግን «ሞክረን አልሆነም» ብለው ፋይሉን አልዘጉም። ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የኢትዮጵያን የስም ባለቤትነት የሚያውቅ ስምምነት ፈረመ።

ሁለተኛው ስም ጌሻ ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከእኛ ጫካ ተለቅሞ ወጣ፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አሸነፈ። በ2019 በፓናማ ጨረታ ከቀረበው ጌሻ አንዱ ምርት ለአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ቡና፣ 1,029 ዶላር ተሸጠ። ስሙ የእኛ ነው፤ ዝናውና ገንዘቡ ግን በሌላ አገር ቀረ። በ2005 ከቀረቡት ሦስት ስሞች ውስጥ ጌሻም፣ ቴፒም፣ በበቃም አልነበሩም። ይህን የምለው ሰው ለመውቀስ አይደለም። ዋጋው ከታየ በኋላ የሚነሳ ወረፋው መጨረሻ ላይ እንደሚቆም ለማሳየት ነው።

ዛሬም በፊታችን እንዲህ ያለ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የለማ ቡና ገበያው ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ እንዲታወቅም ይጠይቃል። የሚጸናበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ይህ ግን ለመተኛት የተሰጠን ጊዜ አይደለም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ቡናችን የሚበቅለው በደን ጥላ ሥር፣ በትንንሽ ማሳዎች ነው። እያንዳንዱን ለመመዝገብ በየቀበሌው መዞር፣ የደን ወሰን ጥያቄ ባለበትም ገበሬውንና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ማስማማት ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ደብዳቤና በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ታዲያ ብዙ ኃላፊ ለምን ይቀመጣል? ሁሉም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ያልጀመረ ሰው አይሳሳትም፤ ያልተሳሳተም በግምገማ አይነሳም። ጀምሮ የተሰናከለው ግን ስሙ ይጠፋል። እንዲህ ከሆነ አርፎ መቀመጥን ያስተማርነው እኛው ነን።

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤያችንና በየመድረኩ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ዘንድሮ ማንም ሳይጠይቅህ ምን ጀመርክ?» ይህን የወረዳውን ኃላፊ ብቻ ሳይሆን የዩኒየናችንን ሥራ አመራር ቦርድም እንጠይቅ። በቅንነት ጀምሮ የተሳሳተውን እናርመው እንጂ አናሳድደው። የማሳ ምዝገባ ቡድን ወደ ቀበሌያችን ሲመጣም ወሰናችንን በእውነት እናሳይ፤ ቀድሞ የተነሳን ኃላፊ ብቻውን አናስቀረው።