ልጄ ዘፋኝ ልሁን አለኝ

እሷ፦ የ16 ዓመት ልጅ «ዘፋኝ ልሁን» ሲል ቤተሰቡ ቀድሞ የሚለው «ትምህርትህስ?» ነው።

እሱ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው እኮ! ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ራሱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ደብተሩን የጣለ ልጅ ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋል።

እሷ፦ ድምፃዊው ማሕሙድ አህመድ ግን በዚያ በር አልገባም። አሪዞና ክለብ ውስጥ ያገኘውን ሥራ እየሠራ የክብር ዘበኛን ባንድ ያዳምጥ ነበር። አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲቀር «እኔ ልዝፈን» አለ፤ ከዚያማ ማን ያቁመው?

እሱ፦ ዕድል ብቻ አትበይው ታዲያ። ዘፈኖቹን አስቀድሞ ባያውቃቸው መድረኩ ምን ይረባው ነበር?

እሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። የዛሬዎቹ ስቱዲዮ ለመግባት ይጣደፋሉ። ቅኝቶቹን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬንና አምባሰልን፣ በጆሮ ሳይለዩ ነጠላ ዜማ! የወንዶቹ ድምፅ ደግሞ ገና እየጎረነነ ነው፤ ከአቅም በላይ እየጮኹ ጉሮሯቸውን ይጎዳሉ።

እሱ፦ ድምፅን አሟሙቆ፣ በሚመች ከፍታ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መለማመድ ይበቃል። ክራር ወይም ኪቦርድ ቢጨምርበት እሰየው። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያም ሆነ የወጣት ማዕከል፣ ሰው ፊት የሚያቆመውን አይናቅ።

እሷ፦ ውል አምጥተው «ፈርም» ቢሉትስ?

እሱ፦ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ዜማ ደራሲውም፣ ለከዋኙም መብት ይሰጣል። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ብቻውን አይፈርም። ወላጆች፣ እባካችሁ ወረቀቱን አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።