በአየር ብቻ የሚማሰል ጋን

ጾም በገባ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ከእናቶች አትጠፋም፤ «ይኼ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ኩዎርን ለጾም ይሆናል ወይ?» አጭሩ መልስ ማሸጊያውን አንብቡ ነው። ነገሩ ሥጋ ሳይሆን ፈንገስ ነው። ይሁንና የቆየው ዓይነት የሚያያዘው በእንቁላል ነጭ ስለሆነ ለጾም አይሆንም፤ «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ግን እንቁላል የለበትም። ከዚህ ያለፈውን የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ የኬሚካል ኢንጂነር ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ምግቡ ስለሚበቅልበት ጋን ነው።

ጋኑ ያለው እዚሁ እንግሊዝ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቢሊንግሃም ውስጥ ነው። ቁመቱ 50 ሜትር ገደማ ሲሆን 150 ሺህ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይይዛል። ውስጡ ግን ማማሰያ የለም፤ ሞተርም፣ የሚሽከረከር ክንፍም አታገኙበትም። ታዲያ ያ ሁሉ ፈሳሽ በምን ይዞራል?

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጠርሙስ እዩልኝ። አፉን ቆርጬ፣ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ቱቦ መሐሉ ላይ አቁሜ፣ ቱቦው እስኪሰጥም ውኃ ሞልቼበታለሁ። ከቱቦው ሥር የምትታየው ቀጭን ጎማ ከዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ የመጣች ናት። ፓምፑን ስከፍተው አረፋው በቱቦው ውስጥ ይወጣል። ብዙ ሰው አየሩ ውኃውን እየገፋ የሚያወጣው ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን ክብደት ነው፤ አረፋ የተቀላቀለበት የቱቦው ውኃ ውጭ ካለው ይቀልላል፣ ከባዱ የውጭ ውኃ በሥር በኩል እየገባ ያነሣዋል። አናቱ ላይ ሲደርስ አየሩ ያመልጣል፤ የከበደው ውኃ ደግሞ በውጭ በኩል ይወርዳል። ዑደቱ ይኸው ነው።

አሁን ቀይ ቀለም ጠብ ላድርግበት። ቀለሙ ወዲያው አልተበተነም፤ ተያይዞ ወረደ፣ በቱቦው ወጣ፣ ተመልሶም አናቱ ላይ ብቅ አለ፣ ትንሽ ፈዘዝ ብሎ። በሁለተኛው ዙር ይበልጥ ይፈዛል። ቀዩ ደመና ሄዶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ የአንድ ዙር ጊዜ ነው። ደመናው ጨርሶ ጠፍቶ ውኃው ሁሉ አንድ መልክ እስኪይዝ ያለው ደግሞ የመዋሃጃ ጊዜ ይባላል፤ ለዚያም ብዙ ዙር ያስፈልጋል። በፋብሪካ በቀለም ፈንታ ጨው ወይም አሲድ ይጨመርና መለኪያው ከፍ ዝቅ የሚለውን ይመዘግባል።

እንግዲህ ሰው የሚዘነጋት ነጥብ ይህች ናት፤ የሚዞር ሁሉ ተዋህዷል ማለት አይደለም። በረጅሙ መውጫና መውረጃ ፈሳሹ በአመዛኙ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እየወጣ ይሄዳል። እውነተኛው መደባለቅ ያለው አናቱ ላይ፣ አረፋው የሚፈነዳበት መታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ የአናቱ ስፋትና ከቱቦው በላይ ያለው የፈሳሽ ከፍታ ከሚነፋው አየር ባላነሰ ይታሰብባቸዋል።

አየሩንም እንደልብ ጨምሮ ዑደቱን ማፍጠን አይቻልም። ዑደቱ ሲበረታ ጥቃቅኑ አረፋ ከፈሳሹ ጋር ወደ መውረጃው ይጎተታል፤ መውረጃው ሲቀልል የክብደት ልዩነቱ ይጠብባል፣ ጉልበቱም ይደክማል። በሌላ በኩል መውረጃው ጨርሶ አረፋ ከሌለው እዚያ ያለው ሕዋስ ኦክስጅን ያጥረዋል። እኔ ትንሽ አረፋ ቢወርድ ይሻላል ከሚሉት ነኝ።

ቁመቱስ ለምን ይህን ያህል? 50 ሜትር ውኃ ሥር ያለው ግፊት እኛ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ግፊት ሲበረታ ኦክስጅን በብዛት ይሟሟል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚላላ ፈንገሱ የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል።

መዋሃድ ምን ያህል እንደሚከብድ በዚያው በቢሊንግሃም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አይ ሲ አይ የተባለው ኩባንያ ከዚህ አሥር እጥፍ የሚሆን ጋን አቁሞ ነበር። ሜታኖል የሚበላ ባክቴሪያ እያራባ «ፕሩቲን» የተባለ የከብት መኖ ያመርትበት ነበር። ሜታኖል አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ባክቴሪያውን ይጎዳል፤ ያን ግዙፍ ጋን በአንድ ቧንቧ ብትመግቡት ሜታኖሉ ተዳርሶ ሳይዋሃድ አጠገቡ ያለው ያልቃል። ስለዚህ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች በየቦታው እንዲረጭ ተደረገ። ቴክኒኩ ሠራ፤ ገበያው ግን እንቢ አለ። አኩሪ አተር ርካሽ ስለነበር መኖው ሊወዳደረው አልቻለም።

ዕውቀቱ ግን ለኩዎርን ተረፈ። ፈንገሱ የሥጋ ዓይነት አኝክ አኝክ የሚያሰኘው ረጃጅም ክር ሆኖ ስለሚያድግ ነው፤ የሚሽከረከር ክንፍ ይበጣጥሰዋል። ማማሰያ ከሌለ ደግሞ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳም የለም፣ በዚያ ሾልኮ የሚገባ ባዕድ ጀርምም አያሰጋም።

ምርቱ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ ከስንዴ ስታርች የተገኘ ግሉኮስ ይገባል፣ የደረሰው ይወጣል። ይሁንና ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ክሩ አጭርና ቅርንጫፋም የሆነ ዝርያ በራሱ ጊዜ ይፈጠርና ዋናውን እያሸነፈ ይመጣል። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት የአየር አነፋፈስ አይረዳም፤ ጋኑን አቁሞ፣ አጽድቶ እንደገና መጀመር ነው። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።