ጆሮ ማንን ያስገባል?

እንጅባራ መናኸሪያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እዚያች ከተማ ላይ ወደ ቻግኒ ይገነጠላል። ረዳቶቹ ሁሉም በአንዴ ነው የሚጮኹት፤ “ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!”፣ “ቻግኒ! ቻግኒ!”፣ “ዳንግላ፣ ሁለት ሰው የቀረው!” አማርኛውና አዊኛው ይደበላለቃል። ዳንግላ የሚሄደው ሰው ግን “ዳንግላ” የምትለዋን ብቻ ለቅሞ ይሰማል። ስለ ቻግኒው ብትጠይቁት፣ “ማን ጠራ?” ይላችኋል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ለሰዎች በሁለቱ ጆሯቸው ሁለት የተለያየ ንግግር እያሰማ፣ አንዱን ብቻ ተከትለው ጮክ ብለው እንዲደግሙ አደረገ። በሌላኛው ጆሮ የወንድ ድምፅ በሴት ሲተካ ለዩት። ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲዞር ግን አላወቁም። ቋንቋ ሙሉ ለሙሉ ተቀይሮ! እኛ “ሰማሁ” እና “ልብ አልኩ” ብለን ሁለቱን መለየታችን ለካ ያለ ነገር አይደለም።

ጆሯችን የማይፈልገውን የሚያስቀርበት ወንፊት ግን የሚያሾልከው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኔቪል ሞሬይ የተባለ ሌላ ተመራማሪ፣ ችላ በተባለው ጆሮ የአድማጩን የራሱን ስም ጣል አደረገ። ከሦስት ሰው አንድ ያህሉ ሰማው። መናኸሪያውም ውስጥ ያው ነው፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ስማችሁ ሲጠራ ዞር ትላላችሁ። የተጠራው ብዙ ጊዜ ሞክሼያችሁ ነው።