የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ እና የስልካችን ቁልፍ

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተወደዳችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣

ሙዳየ ምጽዋት እንዴት እንደሚከፈት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው፣ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ብቻውን አይከፍተውም። የተመረጡ ካህናትና ምእመናን ባሉበት ይከፈታል፤ ገንዘቡ በጋራ ይቈጠራል፤ ተመዝግቦ ይፈረምበታል። ይህ ሥርዓት ሰውን ለመጠርጠር የተሠራ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ገንዘብ ለመጠበቅ፣ አገልጋዩንም ከሐሜት ለማዳን ነው።

ዛሬ ግን ደብሩ ሌላም ሣጥን አለው። የቴሌግራም ቻናሉ፣ የፌስቡክ ገጹና የልማት ኮሚቴው ኢሜይል ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ናቸው። በኢሜይሉ ውስጥ የውኃ ፕሮጀክት ሰነድ ብቻ ሳይሆን ርዳታ የሚቀበሉ ወላጅ አልባ ሕፃናትና ተፈናቃዮች ስም ዝርዝር ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ አደራ ነው። የዚህ ሣጥን ቁልፍ ግን ያለ ምስክር ይከፈታል፤ ያለ ፊርማም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

ሌባው የሚመጣው በር ሰብሮ አይደለም። አንድ የተለመደ መንገዱን እንመልከት። ከምናውቀው ሰው ስም “ልጄ ለውድድር ቀርባለችና በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ድምፅ ስጡልኝ” የሚል መልእክት ይደርሰናል። ሊንኩን ስንነካ ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ተከፍቶ ስልክ ቍጥራችንን ይጠይቃል። ቍጥሩን በሰጠን ጊዜ ሌባው በሌላ ስልክ በእኛ ቍጥር ለመግባት ይሞክራል፤ ስለዚህም እውነተኛው ቴሌግራም የማረጋገጫ ኮድ ይልክልናል። ያንን ኮድ በሐሰተኛው ገጽ ላይ ስንጽፍ ቁልፉን በገዛ እጃችን አስረከብን ማለት ነው። ከዚያም በእኛ ስም “ለሕንፃው ማስጨረሻ ጥቂት ጎድሎናል፤ በዚህ የሒሳብ ቍጥር አስገቡልን” የሚል ጥሪ ይተላለፋል። በአገር ውስጥም ሆነ በዱባይና በዋሽንግተን ያለ ምእመን የደብሩን ድምፅ የሰማ መስሎት ይልካል።

ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ እረኛውና ስለ በጎቹ ሲያስተምር፣ በጎች እረኛቸውን በድምፁ እንደሚለዩት ነግሮናል። አጥማጁ የሚሰርቀው ያንን ድምፅ ነው። የጠፋው ገንዘብ በሌላ በዓል ይሰበሰብ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ በደብሩ ስም የተታለለች እናት ግን ከዚያ በኋላ ለሚመጣው እውነተኛ ጥሪም እጇን ትሰበስባለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ የይለፍ ቃላችን ይርዘም። የታቦቱ ስም፣ የንግሥ ቀንና የስልክ ቍጥር ለይለፍ ቃል አይሆኑም፤ ምእመኑ ሁሉ ያውቃቸዋልና። ባለ አራት አኃዝ የምስጢር ቍጥር ሊሆን የሚችለው 10,000 ዐይነት ብቻ ነው። በዕድል የተመረጡ ስምንት የላቲን ትንንሽ ፊደላት ግን ከ200 ቢሊዮን በላይ ዐይነት ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ የሚጨመር ፊደልም የሌባውን ድካም በ26 እጥፍ ያበዛዋል። ስለዚህ እንደ መሶብ፣ ድልድይ፣ ዝናብና ከበሮ ያሉ ዝምድና የሌላቸውን አራት ወይም አምስት ቃላት ማያያዝ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለመገመት ግን ይከብዳል። ይህንኑ ምሳሌ ግን አትጠቀሙበት። ለየአካውንቱም የተለየ ይሁን፤ አንዱ ቢሰረቅ ሁሉም እንዳይከፈት።

ሁለተኛ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እናብራ። በቴሌግራም ሴቲንግስ፣ ቀጥሎም ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ይገኛል። በኢሜይልና በፌስቡክም አለ። ይህ ሲበራ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ሌላ በር ይጠብቀዋል። ነገር ግን ኮዱንም የይለፍ ቃሉንም አሳልፈን ከሰጠን የትኛውም መዝጊያ አያድነንም። የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ ለጓደኛም፣ “ከባንክ ነኝ” ለሚልም፣ በአባት ስም ለሚጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግተን ራሳችን እንደውል፤ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951፣ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994።

ሦስተኛ፣ የሙዳየ ምጽዋቱን ሥርዓት ለስልኩም እናውለው። ቻናሉና ገጹ ቢያንስ ሁለት ኀላፊዎች ይኑሯቸው፤ ስማቸውም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በደብሩ ካዝና ይቀመጥ። ኀላፊ ሲለወጥ እንደ ዕቃ ቤት ቁልፍ በፊርማ ርክክብ ይደረግ፤ የይለፍ ቃሉም ይቀየር። የባንክ ሒሳብ ቍጥር ሲለወጥ በቅድሚያ በዐውደ ምሕረት ይታወጅ። ምእመኑም በዐውደ ምሕረት ያልተነገረ ቍጥር የደብሩ እንዳልሆነ ይወቅ።

ጉዳቱ ከደረሰ ግን በዚያው ሰዓት እንነሣ። በቴሌግራም ሴቲንግስ ዲቫይስስ በሚለው ውስጥ ገብተን ከእኛ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ እናስወጣ። አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን ወዲያው ማስወጣት ስለማይችል ጥቂት ጊዜ አለን። ከዚያ ለምእመናን በስልክና በዐውደ ምሕረት እንናገር፤ ለባንኩና ለፖሊስ እናመልክት። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በኀፍረት ዝም ማለት ለሌባው ተጨማሪ ቀን መስጠት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን አንድ አጀንዳ አድርጎ እንዲይዝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የደብራችን ቁልፎች በማን እጅ ናቸው? ምስክሩስ ማን ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።