የተዘረጋ ክንድ



ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ለክትባት ከተሰለፉት አንዱ ለገዛ ነፍሱ ሠግቶ፣ ሌላው በቤቱ ላሉት አረጋዊት እናቱ ተጨንቆ ይመጣል። ለራሱ ብሎ የመጣውን አንናቀው። ሕይወት ከፈጣሪ የተቀበልናት አደራ ናትና፣ አንናቀው። ነገር ግን ኩፍኝን የመሰለ በትንፋሽ የሚዛመት ደዌ 9 ወር ላልሞላው፣ ገና ክትባቱን ላልወሰደው ጨቅላ እንደማይራራ፣ የዚያም ሕፃን ቅጥሩ በዙሪያው ያሉ የተከተቡ ሰዎች እንደ ሆኑ ያስተዋለ ሰው፣ ክንዱን በዘረጋ ጊዜ ስሙን ለማያውቀው ባልንጀራው ምጽዋት መስጠቱ ነው። ፈንጣጣን ከምድራችን ያጠፋው እንዲህ ያለ ክንድ ነው፤ ለራስም ለወገንም የተዘረጋ።

የልጆቻችሁ የክትባት ቀጠሮ ዛሬ የሆነ ወላጆች፣ እባካችሁ ቀኑን አታሳልፉት።