ከማሳ የወጣው ፎስፈረስ ሐይቅ ገብቶ ምን ይሆናል?



አንድ ኩንታል ዳፕ ሲገዛ በውስጡ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ፎስፈረስ እንደ ዩሪያው ናይትሮጅን ወደ አየር አይተንም። በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረት፣ አሉሚኒየምና ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ሰብሉ የሚመገበው በውሃ የሟሟውን ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ፎስፈረስ ከማሳ የሚወጣው በአብዛኛው አፈሩ ሲወጣ ነው። እርከን በሌለው ተዳፋት ላይ የበልግም ሆነ የክረምት ጎርፍ ሲወርድ፣ በዱቤ የተወሰደው ማዳበሪያ አብሮ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን እቤት ይቀራል።

በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የሚታጠበውን ቦርከና ከከተማና ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ቀላቅሎ፣ በጨፋ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወስደዋል። ይህም ለታችኞቹ ገበሬዎች ቀላል ነገር አይደለም። የተሁለደሬው ሎጎ ሐይቅ ግን ይብሳል፤ ከአርዲቦ አቅጣጫ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም።

የገባው ፎስፈረስ እዚያው ይዞራል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ይመገበዋል፤ አልጌውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት፣ እነሱን ዓሣ ይበላል፤ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይሰጥማል። ከስር ኦክስጅን ቢኖር ፎስፈረሱ ከብረት ጋር ታስሮ ደለሉ ውስጥ ይቀር ነበር። ሐይቁ ግን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቅ በመሆኑ ከታች ኦክስጅን ያጥረዋል። ያኔ ብረቱ የያዘውን ይለቃል፤ ውሃው በብርድና በነፋስ ሲናወጥም ፎስፈረሱ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ውስጥ የወረደ ነጭ ሳህን እስከ 9 ሜትር ገደማ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ2 ሜትር በታች የወረደበት ጊዜ አለ። ጥፋቱን ሁሉ በማዳበሪያ ማላከክ ግን ልክ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ቆሮሶ አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት እንዳመናመነ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ቆሮሶው ዛሬ የአሥጋሪው እንጀራ ነውና ይውጣ የሚል የለም። መቀነስ የሚቻለው የሚገባው ደለል ነው።

ዳፕም ሆነ ኤን.ፒ.ኤስ. ከዘሩ ጋር በመስመር ገብቶ አፈር ይልበስ። እርከኑ ከክረምት በፊት ይጠገን። ሐይቁ ዳር ድረስ ማረስ ቀርቶ ሰፋ ያለ የሣር ድንበር ይተው፤ ሣሩም ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ከስር የተከማቸው ለዓመታት ስለሚመላለስ ውሃው በአንድና በሁለት ክረምት አይጠራም። ድንበሩ የሚወስደው መሬት የማን ማሳ እንደሆነና ምን እንደሚካካስለት ከወዲሁ መነጋገር የቀበሌዎቹና የማኅበራቱ ሥራ ነው።