ተሸናፊው የሚቆምበት ስፍራ፦ ስለ ሁለት ፓርቲ ሥርዓት



ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቬርዤ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ የሚያሸንፍበት ሥርዓት ወደ ሁለት ፓርቲዎች ያመራል ብሎ ነበር። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የደነገገው ይህንኑ ነው፤ ውጤቱ ግን ሁለት ሳይሆን አንድ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫዎች ከ160 በላይ አገኙ፤ በ2007 ዓ.ም. ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ሁሉንም ጠቀለሉ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ብልጽግና 410 መቀመጫ ወሰደ።

ምክንያቱን ከሕጉ ውጭ እፈልገዋለሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ሲፈቱ ደግሞ ራሳቸው ተከፋፈሉ። የተሸነፈ ወገን እስከ ቀጣዩ ምርጫ ቆሞ ካልቆየ ሁለተኛው ፓርቲ ከየት ይመጣል?

የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የጋይንቷ ቤተ ልሔም ለዚህ ምሳሌ ትሆነናለች። በማኅሌት የቀኝና የግራ መዘምራን ፊት ለፊት ቆመው ይቀባበላሉ፤ ድጓው ግን የጋራቸው ነው። እርግጥ ነው፣ ማኅሌት አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። ቢሆንም ግራው ዝም ቢል ቀኙ ከማን ጋር ይቀባበላል?

ስለዚህ የፓርቲዎቻችን የወደፊት ዕጣ የሚለካው በቁጥራቸው አይደለም፤ ተሸናፊው ሳይታሰርም፣ በገዛ እጁ ሳይበተንም ተራውን መጠበቅ በመቻሉ ነው።